መርዝ የተባለ ሞትና የይግባኝ ችሎት

በሕክምና ካርድ ላይ ከምናሰፍራቸው ምልክቶች ሁሉ ትንሿ የጥያቄ ምልክት ናት። «ወባ?»፣ «ተስቦ?»፣ «መመረዝ?» እያልን እንጽፋለን፤ ትርጉሟም «ገና አልተጣራም» ማለት መሆኑ በሙያ ባልደረቦቻችን መካከል የታወቀ ነው። ከሕክምና ተቋሙ ግቢ ውጭ ግን እንዲህ ያለ ስምምነት የለም።

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉት ደጋማ ወረዳዎች በጠቅላላ ሐኪምነት በማገለግልበት ጊዜ አንድ ጎልማሳ ገበሬ በሌሊት በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልኝ። ያስታውከዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ራሱን አያውቅም። ጎሕ ሳይቀድ ዐረፈ። ተሸክመው የመጡት ዘመዶቹ በበሩ ላይ ሆነው «አቅምሳው ነው» ይባባሉ ነበር፤ ሚስቱን ማለታቸው ነው። እኔም በካርዱ ላይ «መመረዝ?» ብዬ ጻፍኩ። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ታይቶ ሚስቲቱ ጥፋተኛ ከተባለችና ይግባኝ ካለች በኋላ መዝገቡን ለማየት ዕድል ሳገኝ፣ ከካርዱ የተገለበጠው ጽሑፍ የጥያቄ ምልክቷን አልያዘም ነበር።

ወደዚህ ጉዳይ በመጨረሻ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን በመርዝ ተጠርጥሮ የሚመጣ ክስ በአገራችንም ሆነ በውጭው ዓለም ምን መንገድ እንደተጓዘ፣ በተለይም ይግባኝ በሚባልበት ጊዜ የሐኪሙ ቃል ምን ያህል ክብደት እንደሚኖረው ከታሪክ ጥቂት ማንሣት እፈልጋለሁ።

በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የተነሣው ክስ

በዘመናዊ ታሪካችን ከተሰሙት የመመረዝ ክሶች ሁሉ ትልቁ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ጤናቸው እየታወከ ሄደ፤ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ሰየሙ፤ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. በደረሰባቸው ከባድ ሕመም ሰውነታቸው ሰነፈ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። በዚህ ወቅት ከጀርመን የመጣ ስታይንኩለር የሚባል ሐኪም ንጉሠ ነገሥቱ በሳይናይድ ተመርዘዋል የሚል ክስ አነሣ። በቤተ መንግሥቱም በከተማውም ወሬው ተዛመተ፤ የብዙ ሰው ጣት ወደ እቴጌ ጣይቱና ወደ ቅርብ ሰዎቻቸው ተቀሰረ።

ክሱን ለመመዘን ከሕክምናው በፊት ዘመኑን ማወቅ ይጠቅማል። የአውሮፓ መንግሥታት በአዲስ አበባ ስለ ምድር ባቡርና ስለ ንግድ ፉክክር የያዙበት ጊዜ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ አልጋ አጠገብ የሚቆመው ሐኪም የየትኛው አገር ሰው መሆኑ ራሱን የቻለ የፖለቲካ ጉዳይ ነበር። ከጀርመናዊው በፊት የነበረው ቪታሊየን የጉዋዴሎፕ ተወላጅ የሆነ የፈረንሳይ ሐኪም ነው። አንዱ ሐኪም ሌላውን ተክቶ ሲገባ፣ በሽተኛው እስካሁን ያልዳነበትን ምክንያት ማስረዳት ይጠበቅበታል። «ተመርዟል» የሚለው መልስ ደግሞ ከሁሉም የሚቀል ነው፤ የቀድሞውን ሐኪም፣ ወጥ ቤቱንና ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ቃል ይከሳልና።

አሁን ባለን ዕውቀት ነገሩን ስንመለከተው ክሱ አይጸናም። ሳይናይድ ሕዋሳት ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ የሚያግድ መርዝ ነው፤ በበቂ መጠን የወሰደው ሰው በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። መጠኑ አነስተኛ ከሆነ ሰውነት ወደ ታዮሳያኔት ለውጦ በሽንት ያስወግደዋል። ምኒልክ ግን የታመሙት በተለያየ ጊዜ በድንገት በሚመጣና ከአንዱ ወደ ሌላው እየከፋ በሚሄድ ሁኔታ ነው፤ ሰውነታቸው ሰንፎና አንደበታቸው ተይዞም ከክሱ በኋላ አራት ዓመት ያህል ኖረው ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። ይህን ታሪክ ያለ ስም ለአንድ ተለማማጅ ሐኪም ብንሰጠው፣ በአንጎል የደም ሥሮች ላይ በተደጋጋሚ የደረሰ አደጋ ነው ብሎ ለመናገር ብዙ ጊዜ አይወስድበትም።

ክሱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልተገኘም፤ በዙፋን ችሎት ቀርቦ የተፈረደበትም ሰው የለም። እቴጌይቱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን የተገለሉት በመኳንንቱ የፖለቲካ ውሳኔ ነው። ነገር ግን በፍርድ ያልተቋጨ ክስ ነጻም አያወጣም። ጣይቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ከዚያም በኋላ በሰው አፍ ይህን ወሬ ተሸክመው ኖረዋል። ተከሳሽ ሆነው ቢቀርቡ ኖሮ ቢያንስ መልስ ይሰጡ ነበር።

ይግባኝ ያልነበረበት አገር

በመርዝ ክስ የኬሚስትሪ ማስረጃ ወደ ችሎት የገባው በአውሮፓ ሲሆን፣ መነሻው አርሴኒክ ነው። አርሴኒክ ጣዕምና ሽታ የለውም፤ የሚያስከትለው ትውከትና ተቅማጥ ደግሞ በዚያ ዘመን በየቤቱ ከነበረው የአንጀት በሽታ አይለይም። እንግሊዛዊው ጄምስ ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1836 እጅግ አነስተኛ የሆነን አርሴኒክ የሚያሳይ የምርመራ ዘዴ አሳተመ። ከአራት ዓመት በኋላ በፈረንሳይ አገር ባሏን በአርሴኒክ ገደለች ተብላ በተከሰሰችው በማሪ ላፋርዥ ጉዳይ ላይ የአካባቢው ባለሙያዎች መርምረው «የለም» አሉ፤ ከፓሪስ የተጠራው እውቁ ኦርፊላ መጥቶ «አለ» አለ። ተከላካዮቿ የጠሩት ራስፓይ የደረሰው ከፍርዱ በኋላ ነው። ዕድሜ ልክ ተፈረደባት፤ ለሰበር ያቀረበችው አቤቱታም ውድቅ ሆነ።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የእንግሊዙ የሜይብሪክ ጉዳይ ይመስለኛል። ጄምስ ሜይብሪክ የተባለ የሊቨርፑል የጥጥ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1889 ለሁለት ሳምንት ያህል አስታውኮና ተቅማጥ ይዞት ሞተ። አሜሪካዊት ሚስቱ ፍሎረንስ የዝንብ መግደያ ወረቀት በውኃ ስትነክር ታይታለች፤ ወረቀቱ አርሴኒክ አለበት። ሌላ ወንድ እንደነበራትም ታወቀ። ይህ ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ይልቅ ዳኞቹን ሳያሳምን አልቀረም። ሟቹ ራሱ ግን አርሴኒክና ስትሪክኒን እንደ ማበረታቻ የመውሰድ የቆየ ልማድ ነበረው። በአስከሬኑ ውስጥ ተለክቶ የተገኘው አርሴኒክ ከግማሽ ግሬይን፣ ማለትም ከ32 ሚሊ ግራም ያነሰ ነበር፤ ለመግደል ይበቃል የሚባለው ሁለት ግሬይን ያህል ነው። ለዐቃቤ ሕግ የቀረቡት ሐኪሞች «አርሴኒክ ነው» ሲሉ፣ ለተከሳሿ የቀረቡት «የሆድ ዕቃ ቁስለት ነው» አሉ። ጥፋተኛ ተባለች፤ ሞት ተፈረደባት።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር በወንጀል ጉዳይ የፍሬ ነገር ይግባኝ የሚሰማ ፍርድ ቤት አልነበረም። የነበራት ዕድል የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ምሕረት ብቻ ነው። ሚኒስትሩም የሞት ፍርዱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጠው፤ የሰጠው ምክንያት ግን ለሕግ ሰው የሚያስገርም ነው፦ ሚስትየው አርሴኒክ መስጠቷ ተረጋግጧል፣ ሰውየውን የገደለው አርሴኒክ ስለመሆኑ ግን አጠራጣሪ ነው የሚል ነበር። ገዳዩ መርዝ ስለመሆኑ ጥርጣሬ ካለ የነፍስ ግድያው ጥፋት በምን ጸና? ይህን የሚጠይቅ ችሎት ስላልነበረ ፍሎረንስ 15 ዓመት ታስራ እ.ኤ.አ. በ1904 ተለቀቀች። በሌሎች የተሳሳቱ ፍርዶችም ምክንያት የሕዝብ ቁጣ ተጠራቅሞ፣ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1907 በወጣ ሕግ ነው።

ከዙፋን ችሎት እስከ ክልል ፍርድ ቤት

በእኛ አገር ይግባኝ ከእንግሊዞቹ ይቀድማል ብንል ማጋነን አይሆንም። ቃሉ ራሱ «ነገሬ ይግባልኝ» የሚል ልመና ነው። በጎጃም ነፍስ የጠፋ እንደሆነ ነገሩ በሽማግሌ ካልበረደ፣ ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስ በገዢው ችሎት ይታይ ነበር፤ ከዚያ ያልረካ ዓባይን ተሻግሮ ወደ አፈ ንጉሡና ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ይጮኻል። የሚያከራክረው ሕግ ፍትሐ ነገሥቱ ነበር። በአውጫጭኝ የመንደሩን ሰው ሰብስቦ ማጣራትም የታወቀ ነው። ሌባ ሻይ የሚባለው ልማድ ደግሞ ለእኛ ሙያ የተለየ ትዝብት አለው፤ ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር አጠጥተው የሚወድቅበትን ቤት የሌባ ቤት ያደርጉት ነበር። የተመረዘው ምስክሩ ነበር ማለት ነው።

የተጻፈ የወንጀል ሕግ በ1923 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም በ1949 ዓ.ም. ወጣ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የይግባኝን መንገድ በዝርዝር ደነገገ፤ ተከሳሹ ይግባኝ ማለቱን በ15 ቀን ውስጥ እንዲያስታውቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን እንዲያቀርብ ያዛል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ይግባኝ ማለትን የተከሰሱ ሰዎች መብት አድርጎ አጽንቶታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያን በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ይቀጣል፤ አስቦ መርዝ ያበላ ሰው የሚከሰሰው በዚህ አንቀጽ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የተሰጠ እንዲህ ያለ ፍርድ በይግባኝ የሚታየው በባሕር ዳር በክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

ለጤና ባለሙያው ዋናው ቁም ነገር ይግባኝ ሰሚው ምን እንደሚያይ ማወቁ ነው። አስከሬኑን አያይም፤ አብዛኛውን ጊዜ ምስክርም እንደገና አይሰማም። የሚያየው መዝገብ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 194 ተጨማሪ ማስረጃ አስፈላጊ መስሎ ከታየው ምክንያቱን መዝግቦ እንዲያስቀርብ ይፈቅድለታል፤ ነገር ግን ያልተወሰደ ናሙና ከሁለት ዓመት በኋላ በማንም ትእዛዝ አይቀርብም። በሌሊት ተረኛ ሆነን በሦስት መስመር የምንጽፈው ነገር የይግባኙ ዋና ማስረጃ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ናሙና የመላኩም ነገር ቀላል አልነበረም። ለረጅም ዘመን በወንጀል የተጠረጠረ ሞት የአስከሬን ምርመራ በዋናነት የሚደረገው በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። ተመርዘዋል በተባሉት ንጉሥ ስም የተሰየመው ሆስፒታል፣ ተመርዟል የተባለውን ገበሬ ሁሉ ተቀባይ መሆኑ የታሪክ አጋጣሚ ነው። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ አስከሬን በክፍት መኪና ሲጓዝ ምን ሆኖ እንደሚደርስ መናገር አያስፈልግም። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ይህን ከማየት ሬሳውን በዕለቱ መቅበርን ይመርጣል። ሲቀበር ጥርጣሬው አብሮ አይቀበርም።

በደጋው መርዝ የሚመስሉ ሞቶች

የአገራችን ገበሬ መርዝን የሚጠረጥረው ያለ ምክንያት አይደለም። በየቤቱ ማላታዮን አለ፤ በየጎተራው የነቀዝ መድኃኒት አለ። ኦርጋኖፎስፌት የወሰደ ሰው ላቡ፣ ለሃጩና እንባው ይወርዳል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል፤ ይህን አይቶ ያልጻፈ ሐኪም ትልቁን ማስረጃ ጣለ። አስተናግር የበላ ሰው ግን በተቃራኒው ብሌኑ ይሰፋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ይቀባጥራል። የብሌን ስፋት ለመጻፍ ባትሪና አንድ መስመር ብቻ ይበቃል። የነቀዝ ክኒን ደግሞ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ እህሉ በመኝታ ክፍል ተከምሮ ያደረ ቤተሰብ ማንም ሳያበላው በሌሊት ሊያልቅ ይችላል። በዚህ ሞት ውስጥ መርዝ አለ፣ መራዥ ግን የለም።

ከዚያ በላይ ደግሞ መርዙም የሌለበት አለ። የአንጀት መጠምዘዝ በደጋው ሕዝባችን ዘንድ የተለመደ የሆድ ዕቃ አደጋ ነው። ከጾም በኋላ በፋሲካ ማዕድ በደንብ የበላ ጤነኛ ሰው በዚያው ሌሊት ሆዱ ተነፍቶ፣ አስታውኮ ሊሞት ይችላል። ማዕዱን ያቀረበው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሚስት ናት። ለአጨዳና ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተከል፣ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርደው የደጋ ሰው ደግሞ የወባ መከላከያ በደሙ የለውም። በሽታውን ይዞ ይመለሳል፤ ከተመለሰ በኋላ በቤቱ በልቶ ታሞ በሁለተኛው ቀን ይሞታል። ጎረቤት የሚቆጥረው የበላበትን ሰዓት እንጂ ቆላ የቆየበትን ቀን አይደለም።

«ቤተ ሙከራ ቢኖረን ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር» የሚል ባልደረባ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በአሜሪካ አገር በሚዙሪ ክፍለ ግዛት የደረሰውን ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1989 አንዲት እናት የሚያስታውከውንና መተንፈስ ያቃተውን ሕፃን ልጇን ሆስፒታል አመጣች። ቤተ ሙከራው በደሙ ውስጥ ኤትሊን ግላይኮል፣ ማለትም ለመኪና ራዲያተር የሚጨመረው ፈሳሽ እንዳለ ገለጸ። ሕፃኑ ከእናቱ ተወስዶ በሌሎች እጅ እንዲያድግ ተደረገ። እናቱ እንድትጎበኘው ተፈቅዶላት ካጠባችው በኋላ እንደገና ታመመና ሞተ። ሁለተኛ ቤተ ሙከራም ያንኑ መርዝ አገኘሁ አለ። በጥር 1991 ዕድሜ ልክ ተፈረደባት።

እናትየው በእስር ላይ ሳለች ሁለተኛ ልጅ ወልዳ ነበር፤ ወዲያው ከእርሷ ተለይቶ ያደገ ነው። ይህ ሕፃንም በተመሳሳይ ሁኔታ ታመመ። ያበላችው አይደለችም። ሲመረመር ሜቲልማሎኒክ አሲዴሚያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ በሽታ እንዳለበት ታወቀ። የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሟቹን ሕፃን የተቀመጠ ናሙና እንደገና ሲመረምሩ፣ ኤትሊን ግላይኮል የተባለው በዚሁ በሽታ ምክንያት በደሙ የተጠራቀመ ፕሮፒዮኒክ አሲድ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ቤተ ሙከራዎች በጋዝ ክሮማቶግራፊ ወረቀት ላይ ያዩትን ጉብታ ተመሳሳይ ከሆነው ከሌላው ጋር አምታተውት ነበር። ጉዳዩ እንደገና እንዲሰማ ታዘዘ፤ በመስከረም 1991 ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነሣ። እናትየውን ያስፈታት ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረው ናሙና ነው። ናሙናው ተጥሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለተኛው ልጅም ባይወለድ፣ ምንም ይግባኝ አያወጣትም ነበር።

ይግባኝ ብቻውን እንደማያድን ደግሞ በሆላንድ የታሰረችው ነርስ ትመሰክራለች። በተረኝነቷ ሰዓት ብዙ ሕሙማን ሞቱ ተብላ እ.ኤ.አ. በ2003 ተፈረደባት፤ ይግባኝ ሰሚው በ2004 ፍርዱን አጸና፤ ዋናው ማስረጃ በአንድ ሕፃን አስከሬን ውስጥ ተገኘ የተባለ ዲጎክሲን ነበር። ከሞት በኋላ የሚለካ ዲጎክሲን አሳሳች መሆኑና ምርመራው ሌሎች ተመሳሳይ ነገሮችንም እንደሚቆጥር ተጣርቶ፣ በ2010 ነጻ ናት ተባለች። ይህን የማነሣው ለፍርድ ቤቶች አይደለም፤ የተከሰሰችው እንደ እኛው የጤና ባለሙያ በመሆኗ ነው።

ናሙና መውሰድን በተመለከተ በየጤና ጣቢያው የማየውን አንድ ስሕተት ብቻ ልጥቀስ። ለመርዝ ምርመራ የሚላክ ጉበትም ሆነ የጨጓራ ይዘት በፎርማሊን አይነከርም። ፎርማሊን ለሕብረ ሕዋስ ምርመራ እንጂ ለመርዝ ምርመራ አይሆንም፤ ብዙውን ማስረጃ ያጠፋል። በንጹሕ ዕቃ፣ በቀዝቃዛ፣ ታሽጎና ማን ለማን እንዳስረከበ ተፈርሞ ይላካል።

ወደ ገበሬው ልመለስ። ይግባኙን የሰማው ችሎት ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል ብሎ እኔን አስጠራኝ። ዋናውን ካርድ ይዤ ቀረብኩ፤ የጥያቄ ምልክቷ በቦታዋ ነበረች፤ ለዳኞቹ አሳየኋቸው። ተከላካይ ጠበቃው ሟቹ ከመሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት ከመተከል ቆላ መመለሱን የሚመሰክሩ ሰዎች እንዳሉት ተናገረ። በካርዱ ላይ ይህ አልተጻፈም። የብሌኑ ስፋትም፣ የሰውነቱ ሙቀትም አልተጻፈም። ሴትየዋ ነጠላዋን አጣፍታ በጠባቂዎች መካከል ቆማለች፤ ከታሰረች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። የመኻል ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፦

«ዶክተር፣ በዚያ ሌሊት ደሙን ለወባ መርምረውታል?» አሉኝ።

«አልመረመርኩም» አልኩ።